የፍጥነት ቅጣት ተጽፎብኛል፤ ልከራከር ወይስ ከፍዬ ልገላገል?

የማርቆሱ ሹፌር

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ከደብረ ማርቆስ ባሕር ዳር በሚኒባስ ሰው አመላልሳለሁ። ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ከመናኸሪያ ሞልቼ ወጥቼ፣ አማኑኤልን አልፌ፣ ደምበጫ ሳልደርስ ባለ አንድ ቁልቁለት ላይ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመኝ። በእጁ የያዘው መሣሪያ ላይ 94 ይነበባል። መንጃ ፈቃዴን ተቀብሎ የክስ ወረቀት ጻፈልኝ፤ ሰዓቱን 4፡17 ብሎ ሞልቶታል። ሰውየው ክፉ ቃል አልተናገረኝም፤ «ቅሬታ ካለህ ለጽሕፈት ቤቱ አመልክት» ነው ያለኝ።

እኔ ግን 94 አልነዳሁም። የመኪናዬ የፍጥነት መገደቢያ 80 ላይ የታሸገ ነው፤ ጂፒኤስም አላት። ደግሞ አንድ ነገር አለ፦ ሲሚንቶ የጫነ ኢሱዙ ቁልቁለቱን እየተንደረደረ መጥቶ የደረበኝ በዚያችው ቅጽበት ነው። የፖሊሱን እጅ ያየሁት ኢሱዙው ከጎኔ ሳለ ነው። ጋቢና የተቀመጡት እናት «ልጄ፣ ያንን ትቶ አንተን ያዘህ?» አሉኝ።

ገንዘቡ ብቻ ቢሆን ከፍዬ እገላገል ነበር። ጥፋቱ በመዝገብ ነጥብ ሆኖ እንደሚያዝና ነጥብ ሲጠራቀም መንጃ ፈቃድ እንደሚያሳግድ ሁላችንም እናውቃለን። ይህች ወረቀት የልጆቼ እንጀራ ናት። ያላጠፋሁትን አጥፍቻለሁ ብዬ መፈረምም አልፈልግም። ተከራክሮ ያሸነፈ አለ? ከየት ልጀምር?

የዳሞቱ

ወንድሜ፣ እውነትህን እንደሆነ አልጠራጠርም። ቢሆንም በዚህ መስመር ያረጀ ሹፌር ነኝና ምክሬን ስማኝ። አመልክት ሲሉህ ትሄዳለህ፤ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው። በማግሥቱ ትመለሳለህ፤ ወረቀቱ ገና አልደረሰም። ስትመላለስ ተራህ ያመልጥሃል፤ ባለንብረቱም የዕለቱን ገቢ ይጠይቅሃል። መዝገብህ ንጹሕ ከሆነ ክፈልና ሥራህን ያዝ። ቀድሞ የተያዘብህ ነጥብ ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ያኔ እኔም ብሆን እከራከራለሁ።

መገደቢያ ገጣሚ

ባሕር ዳር የፍጥነት መገደቢያና ጂፒኤስ እገጥማለሁ። ጋሼ ያሉትን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ማስረጃ በእጁ ያለ ሰው ዝም ብሎ ይክፈል ማለት አይዋጥልኝም።

መጀመሪያ ግን አንዱን መከራከሪያህን ተወው። «መገደቢያዬ 80 ላይ ታሽጓል፤ ስለዚህ 94 ልነዳ አልችልም» ብለህ እንዳትቀርብ። መገደቢያው ለሞተሩ የሚሄደውን ነዳጅ ይቀንሳል እንጂ ፍሬን አይዝም። ሜዳና ዳገት ላይ ያስቆምሃል፤ ቁልቁለት ላይ ግን ሰው የሞላ መኪና በራሱ ክብደት ከ80 በላይ ሊሮጥ ይችላል። ይህን የሚያውቅ ሰው አንድ ጥያቄ ቢጠይቅህ ሌላው እውነትህ ሁሉ አብሮ ይወድቃል።

የሚጠቅምህ የጂፒኤሱ መዝገብ ነው። ዛሬውኑ ባለንብረቱን ጠይቀህ የዚያን ቀን ዝርዝር ከአገልግሎት ሰጪው አስወጣ፤ መዝገቡ ለዘላለም አይቀመጥም። ስታነበው ሰዓቱን ልብ በል። የክስ ወረቀትህ በእኛ አቆጣጠር 4፡17 ይላል። ሪፖርቱ 10፡17 ሊል ይችላል፤ ያው ነው። አንዳንዱ ስርዓት ደግሞ በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት ስለሚመዘግብ 07፡17 ብሎ ይመጣል። ቀኑም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። የሌላ ሰዓት መዝገብ ይዞ ጽሕፈት ቤት ሄዶ «የት ነው ያለኸው?» የተባለ ደንበኛ ገጥሞኛል። ሦስቱንም ሰዓት ጎን ለጎን ጻፍላቸው።

ስለ ኢሱዙው የጻፍከው ትልቅ ነገር ነው። መሣሪያው ራዳር ነበር ወይስ ሌዘር? በእጅ የሚያዝ ራዳር የሚልከው ሞገድ እየራቀ ሲሄድ እየሰፋ ይሄዳል። ስፋቱ 12 ዲግሪ ቢሆን፣ 300 ሜትር ላይ ከ60 ሜትር በላይ ይሸፍናል፤ ማለትም መንገዱን ከነዳርቻው። በዚያ ውስጥ ሁለት ተሽከርካሪ ካለ፣ ትልቁ ሞገዱን አጠንክሮ ስለሚመልስ የሚነበበው የእሱ ፍጥነት ሊሆን ይችላል። ሌዘር ከሆነ ግን በዚያው ርቀት የሚሸፍነው 1 ሜትር ገደማ ስለሆነ ይህ መከራከሪያ ይሳሳል። «ጥግ ይዞ ስለለካኝ አብዝቶ አሳየብኝ» የሚሉም አሉ፤ ትክክል አይደለም። የቆመ ሰው ከጎን ሲለካ የሚነበበው ቁጥር ከእውነተኛው ያነሰ ነው።

ከችሎት ደጅ

ደብረ ማርቆስ የምሠራ ጠበቃ ነኝ። ከመክፈልህ በፊት አመልክት፤ ከፍለህ ከጨረስክ በኋላ «አላጠፋሁም» ማለት በጣም ይከብዳል። በወረቀቱ ላይ ያለውን የመክፈያ ቀን አታሳልፍ፤ ማመልከቻህን ከዚያ በፊት አድርሰው።

በቃል አትጨቃጨቅ። ለጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ በሁለት ቅጂ ጻፍ፤ አንዱን መዝገብ ቤት ገቢ አድርገህ በሌላው ላይ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስደርግበት። ጋሼ እንዳሉት የሚያመላልሱህ ከሆነ፣ መመላለስህን የሚመሰክርልህ ያ ማኅተም ነው። በማመልከቻው ውስጥ ሁለት ነገር ጠይቅ፦ የመሣሪያው ዓይነት ምን እንደሆነና ትክክለኛነቱ በመጨረሻ የተረጋገጠበት ሰነድ። የተጻፈብህ የፍጥነት ወሰንም የመኪናህ መሆኑን አጣራ። በደንብ ቁጥር 208/2003 ወሰኑ በተሽከርካሪው ክብደትና በመንገዱ ደረጃ ይለያይ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ደንቡ ስለተለወጠ የተጠቀሰብህን አንቀጽ ከሥራ ላይ ካለው ደንብ ጋር አስተያይ።

ኃላፊው ካልተቀበለህ ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት መውሰድ ትችላለህ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው የቀረበበትን ማስረጃ የማየት፣ መስካሪውን የመጠየቅና የራሱን ማስረጃና ምስክር የማሰማት መብት እንዳለው ይናገራል። አንቀጽ 37 ደግሞ ጉዳይህን ለዳኛ የማቅረብ መብት ይሰጥሃል። ይህን ስትጠቀም ማንንም መድፈርህ አይደለም። ፖሊሱንም አትሳደብ፤ «ውሸታም ነው» ሳይሆን «መሣሪያው ያነበበው የደረበኝን ኢሱዙ ነው» በል።

የማርቆሱ ሹፌር

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ጋሼም ስላሰቡልኝ አመሰግናለሁ። ባለንብረቱ መዝገቡን አስወጣልኝ። በየ30 ሰከንዱ አንድ ነጥብ ይዟል። በእኛ ሰዓት ሳሰላው ከመቆሜ በፊት ያሉት ሁለት ነጥቦች 76 እና 79 ናቸው። 94 የሚል በዚያ ጠዋት በሙሉ የለም። ይበቃኛል?

መገደቢያ ገጣሚ

ጥሩ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። በ80 የሚሄድ መኪና በ30 ሰከንድ 660 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ «በመካከሉ ፈጥነህ ቀንሰህ ይሆናል» ቢሉህ መዝገቡ መልስ የለውም። ያንን ክፍተት የሚሞላልህ ኢሱዙው ሲደርብህ ያየ ሰው ነው።

ከችሎት ደጅ

ረዳትህ ይመስክር፤ ነገር ግን ያንተው ሠራተኛ ስለሆነ ቃሉን ያሳንሱብሃል። ጋቢና የነበሩት እናት የት ወረዱ?

የማርቆሱ ሹፌር

ቡሬ ነው የወረዱት። የገበያ ቀን ሁልጊዜ ከእኔ ጋር ነው የሚሄዱት፤ ቤታቸውን ረዳቴ ያውቀዋል። ፈቃዳቸውን ጠይቄ ስማቸውን በማመልከቻው ላይ አሰፍራለሁ። ሰኞ መዝገብ ቤት ሲከፈት አስገባዋለሁ።