የፊደል ጨዋታ በባለስድስት ጎን ሰሌዳ፦ ጎረቤት ሳጥኖችን እንዴት ላግኝ?

የጦሳ ልጅ (ደሴ)
ሰላም ለሁላችሁ። በብሮውዘር የሚከፈት የፊደል እንቆቅልሽ እየሠራሁ ነው። ሰሌዳው እንደ ማር እንጀራ ባለስድስት ጎን ነው። ይህን የመረጥኩት አንድ ሳጥን ከስድስት ጎረቤቶቹ ጋር ሰባት ስለሚሆን ነው። ከግዕዝ እስከ ሳብዕም ሰባት ነው! መሃል «ለ» ትቀመጣለች፤ ሉ ሊ ላ ሌ ል ሎ ይከቧታል። ፊደሎቹ ተዘበራርቀው ይመጣሉ፣ ተጫዋቹ ጎረቤት ሳጥኖችን እያቀያየረ ያስተካክላል።

የጀመርኩት ለእህቴ ልጅ ብዬ ነው። ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ገብታለች። ገበታውን በቃሏ ታወርደዋለች፤ «ሜ»ን ለብቻዋ ስታሳያት ግን ከ«መ» ጀምራ ካልቆጠረች አትለያትም።

ችግሬ፦ ሳጥኖቹን በረድፍና በዓምድ ነው የያዝኳቸው። አንዱ ረድፍ ግማሽ ሳጥን ወደ ቀኝ ስለሚገፋ የጎረቤት ስሌቱ ለተጋማሽና ለኢተጋማሽ ረድፍ ይለያያል። ሰሌዳውን በምስልበት ካንቫስ (የብሮውዘር መሳያ ገጽ) ላይ ደግሞ የሳጥን ጠርዝ አካባቢ ሲነካ አጠገቡ ያለው ሳጥን ይመረጣል። በእናቷ ትንሽ ስልክ ስለምትጫወት ይሄ ያናድዳታል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ቦርከና (ኮምቦልቻ)
አብሽር ወንድሜ። ረድፍና ዓምዱን ተወው። ለእያንዳንዱ ሳጥን ቦታውን የሚነግሩ አ እና በ የሚባሉ ሁለት ቁጥሮች ስጥ። ሦስተኛው ገ ከሁለቱ ይገኛል፤ የሦስቱ ድምር ሁሌም 0 ነው። ያኔ የጎረቤቶቹ ልዩነት የትም ቦታ አንድ ነው፦ (1፣ 0)፣ (1፣ −1)፣ (0፣ −1)፣ (−1፣ 0)፣ (−1፣ 1)፣ (0፣ 1)። እነዚህን በሳጥኑ አ እና በ ላይ መደመር ብቻ ነው።

ለንክኪው፦ የተነካውን ነጥብ (ፒክስሉን) ወደ ሦስቱ ቁጥሮች ስትቀይር ክፍልፋይ ይመጣል። ሦስቱንም ወደሚቀርባቸው ሙሉ ቁጥር አጠጋጋ። ድምሩ 0 ካልሆነ፣ በማጠጋጋት ብዙ የተለወጠውን ጣለውና ከሁለቱ መልሰህ አስላው።

ሐረጎ
የቦርከናን የጎረቤት ስሌት ያዝ። ለንክኪው ግን ለምን ትደክማለህ? በኤስቪጂ (SVG፣ ሥዕልን በቅርጽ በቅርጽ በሚሠራው ዘዴ) ሥራው። እያንዳንዱ ሳጥን ራሱን የቻለ ቅርጽ ስለሚሆን የትኛው እንደተነካ ብሮውዘሩ ራሱ ይነግርሃል። ከመሃል አራት ዙር ብትወጣ እንኳ 61 ሳጥን ነው። ይሄ ለኤስቪጂ ምንም አይደለም።

የጦሳ ልጅ (ደሴ)
እግዜር ይስጥልኝ፣ ወደ ኤስቪጂ እዞራለሁ። አንድ ልጨምር፦ «ሜ» የ«መ» ቤተሰብ መሆኗን ኮዱ እንዴት ይወቅ? ሁሉንም በእጅ ልዘርዝር?

ቦርከና (ኮምቦልቻ)
ኧረ በጭራሽ! ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር በሚሰጠው ዩኒኮድ ሀ 4608፣ ለ 4616፣ መ 4632 ናት። ረድፎቹ በስምንት በስምንት ነው የሚሄዱት። የፊደሏን ቁጥር ለ8 አካፍል፤ ቀሪው 0 ከሆነ ግዕዝ፣ 1 ከሆነ ካዕብ፣ እያለ 6 ሳብዕ ነው። 7 ከቀረ እንደ ሏ ያለችው ናት። ቀሪውን ከቁጥሩ ስትቀንስ የቤተሰቡን መጀመሪያ ታገኛለህ። ቈ፣ ኈ፣ ኰ እና ጐ ግን የራሳቸው ረድፍ ስላላቸው ለብቻ ያዛቸው።

የጦሳ ልጅ (ደሴ)
በጣም ደስ ይላል። እነ ቈን ለሁለተኛው ደረጃ አቆያቸዋለሁ። ቈ ቊ ቋ ቌ ቍ አምስት ስለሆኑ ከሰባቱ ሳጥን ሁለቱ ባዶ ይቀራሉ። እዚያ ላይ ማቀያየሩ ይቀርና ፊደሎቹን ወደ ባዶው እየገፋች ታሰልፋቸዋለች።