ሚዳዞላምን ከስፓይናል ማደንዘዣ ጋር መቀላቀል ከቀዶ ጥገና በኋላ ያለውን ሕመም ያስታግሳል?

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ ባልደረቦቼ። በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል የአንስቴዥያ ባለሙያ ነኝ። ከምንሰጠው ስፓይናል (በወገብ በኩል በህብለ ሰረሰር ዙሪያ ወዳለው ፈሳሽ የሚወጋ ማደንዘዣ) አብዛኛው በቀዶ ጥገና ለሚወልዱ እናቶች ሲሆን፣ ቡፒቫኬይን የተባለውን ማደንዘዣ 0.5 በመቶ ሃይፐርባሪክ (ከህብለ ሰረሰር ፈሳሽ የሚከብደውን) ከ2 እስከ 2.5 ሚሊ ሊትር እንሰጣለን። ቀዶ ጥገናው በሰላም ያልቃል፤ ከሁለት ሦስት ሰዓት በኋላ ግን ማደንዘዣው ሲለቅ ሕመሙ በአንድ ጊዜ ይመጣና እናቲቱ ልጇን አቅፋ ማጥባት እንኳ ያቅታታል። ለስፓይናል የሚሆን፣ ማቆያ ኬሚካል የሌለው ሞርፊን እኛ ዘንድ የለም፤ ፌንታኒል የተባለው ጠንካራ ማስታገሻም አንድ ሰሞን ይገኛል፣ አንድ ሰሞን ይጠፋል። የማይጠፋው ሚዳዞላም የተባለው ማረጋጊያ ነው። ከ1 እስከ 2 ሚሊ ግራም ከቡፒቫኬይኑ ጋር ቢቀላቀል ማስታገሻውን ያራዝማል ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው ወይስ እናቲቱን ከማስተኛት ያለፈ ጥቅም የለውም?

መልስ 1፦
ማራዘሙ እውነት ነው፤ የሚያራዝመውም በማስተኛት አይደለም። በህብለ ሰረሰር የኋለኛው ክፍል፣ የሕመም መልእክት ወደ አንጎል ከመውጣቱ በፊት በሚያልፍበት ቦታ፣ ጋባ የተባለው ገቺ ኬሚካል የሚያርፍባቸው ተቀባዮች በብዛት አሉ፤ ሚዳዞላም የእነዚህን ተቀባዮች ሥራ ስለሚያጠናክር መልእክቱ እዚያው ይዳከማል። ማቅለሽለሽንም እንደሚቀንስ ታይቷል። ይሁን እንጂ የሚጨምረው ጊዜ በጥቂት ሰዓታት የሚለካ ስለሆነ፣ እስከ 24 ሰዓት የሚዘልቀውን ሞርፊን ይተካልኛል ብለው አይጠብቁ።

የእኔ ስጋት አምፑሉ ላይ ነው። የሚዳዞላም ፈቃድ በደም ሥርና በጡንቻ ለመስጠት እንጂ ለስፓይናል አይደለም፤ አንዳንዱ ምርት ደግሞ ቤንዛይል አልኮል የተባለ ማቆያ ስላለበት ነርቭን ሊጎዳ ይችላል። በ2004 እ.ኤ.አ. ከአውስትራሊያ የወጣ፣ 1,100 ሕሙማንን የተከታተለ ጥናት እስከ 2 ሚሊ ግራም የተሰጣቸው ሰዎች የነርቭ ችግር ምልክት እንዳልበዛባቸው አሳይቷል። ይህ የሚያጽናና ቢሆንም ለማንኛውም አምፑል ዋስትና ሊሆን አይችልም። በተጨማሪም 5 ሚሊ ግራም በሚሊ ሊትር በሆነው አምፑል 1 ሚሊ ግራም ማለት 0.2 ሚሊ ሊትር ብቻ ስለሆነ፣ ባለ 1 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ከሌለ ባይሞከር ይሻላል።

መልስ 2፦
እኛ ዴክስሜዴቶሚዲን የተባለ ሌላ ማረጋጊያ ከስፓይናሉ ጋር እንጠቀማለን፤ 5 ማይክሮ ግራም ማስታገሻውን በደንብ ያራዝማል። ነገር ግን የእግር መዛሉንም አብሮ ስለሚያራዝም እናቲቱ ቶሎ ተነሥታ አትራመድም፤ የልብ ምትም ስለሚቀንስ የልብ ምትንና የደም ግፊትን የሚያነሡት አትሮፒንና ኤፌድሪን በእጅ መሆን አለባቸው። እርሱም ለስፓይናል አልተፈቀደም። 100 ማይክሮ ግራም በሚሊ ሊትር የሆነውን ሳያቀጥኑ 5 ማይክሮ ግራም መቅዳት 0.05 ሚሊ ሊትር መለካት ነውና፣ ሳይቀጠን ፈጽሞ አይነካም።

መልስ 3፦
የሪከቨሪ (ሕሙማን ከቀዶ ጥገና በኋላ የሚያገግሙበት ክፍል) ነርስ ነኝ። ወደ ጀርባ የሚገባ መድኃኒት በበዛ ቁጥር የስህተት በርም ይሰፋል፤ ደም መፍሰስን የሚቀንሰው ትራኔክሳሚክ አሲድ በስህተት በቡፒቫኬይን ፈንታ በጀርባ ተሰጥቶ ሰው የሞተባቸው አጋጣሚዎች በዓለም ዙሪያ ተመዝግበዋል። ደግሞስ የሚያደነዝዝ ነገር የተጨመረላትን እናት ሌሊት ትንፋሿን የሚቆጥርላት ማን ነው? በእኛ ዋርድ አንዲት ነርስ ስንት አልጋ እንደምትይዝ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ፓራሲታሞልና ዳይክሎፌናክ፣ ክልከላ ከሌለ፣ እናቲቱ «አመመኝ» እስክትል ሳይጠበቅ በሰዓታቸው ቢሰጡ ብዙው ለቅሶ ይቀራል። የሐኪሙ ትእዛዝ ላይ «ሲያስፈልግ» ተብሎ የተጻፈ ማስታገሻ በአብዛኛው ሳይሰጥ ነው የሚነጋው።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ጠዋት ካርቶኑን አውጥቼ አነበብኩት፤ የእኛው ሚዳዞላም ቤንዛይል አልኮል አለበት፤ ስለዚህ ትቼዋለሁ። በምትኩ ቁስሉ ከመዘጋቱ በፊት ዙሪያውን ቡፒቫኬይን ቢወጋስ? መጠኑ እንዴት ይሰላል?

መልስ 1፦
ጥሩ አማራጭ ነው። ለዚህ የሚሆነው ሃይፐርባሪኩ ሳይሆን ተራው ቡፒቫኬይን ነው። በኪሎ 2 ሚሊ ግራም ጣሪያ ብንይዝ 60 ኪሎ ለምትመዝን እናት 120 ሚሊ ግራም ይሆናል። 0.25 በመቶ 40 ሚሊ ሊትር 100 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ የስፓይናሉ (የ2.5 ሚሊ ሊትሩ) 12.5 ሲደመርበት 112.5 ይመጣል፤ ከጣሪያው በታች ነው። እናቲቱ 50 ኪሎ ከሆነች ግን ጣሪያው 100 ስለሚሆን ከ35 ሚሊ ሊትር አይለፉ። ቀዶ ሐኪሙ ከመውጋቱ በፊት መርፌውን ወደ ኋላ ስቦ ደም አለመምጣቱን ማየት አለበት።