ጌሙ ዲ ላይ እንዳለ ነው፣ የወንድሜ አራት ሲዝን ግን የለም። ሴቭ (የተጫወቱትን የሚይዘው ፋይል) የት ነው የሚቀመጠው?

ሚሚ_ሳቢያን፦

አቦ ሰላም ናችሁ? ጌም አልጫወትም፣ ጥያቄዬ ቢያስቃችሁም ታገሱኝ። ቤት ያለን ላፕቶፕ አንድ ነው፤ ቀን እኔ የሂሳብ ሥራ እሠራበታለሁ፣ ማታ ታናሽ ወንድሜ ፔስ 2017 የሚባለውን የኳስ ጌም ይጫወትበታል። ሰሞኑን ተንቀራፈፈብኝ። አንድ ኤክሴል እስኪከፍት አቦል ቡና ተፈልቶ ይጠጣል። ስለዚህ እዚህ ድሬ ታይዋን ገበያ ጠጋኝ ጋ ወስጄ ዊንዶው አስቀየርኩት።

ሳልጠይቅ አልወሰድኩትም። ልጁ "ጌሙ ዲ ላይ ነው፣ ዊንዶው ካለበት ከሲ ሌላ የዲስኩ ክፍል ነው፣ ችግር የለም" አለኝ፣ ጠጋኙም "ዲን አልነካም" አለ። እውነትም አልነካም። እኔ ደግሞ ለማንኛውም ብዬ የጌሙን ፎልደር እንዳለ ፍላሽ ላይ ኮፒ አድርጌ ነበር፣ አንድ ሰዓት ነው የፈጀብኝ።

ማታ ከፈተው። ይሠራል፣ ግን ቋንቋ ምረጥ ይላል፣ ልክ ዛሬ እንደተገዛ። አራት ሲዝን የደከመበት ማስተር ሊግ፣ ቡድን ይዞ ሲዝን በሲዝን የሚያሳድግበት፣ የለም። ከሱ የባሰው ደግሞ አንዱን ቡድን አጥፍቶ በቦታው ድሬዳዋ ከተማን ሠርቶ ነበር። ማሊያውን ብርቱካናማ ቀብቶ፣ የተጫዋቾቹን ስም አንድ በአንድ ጽፎ፣ ቁጥር ሲጎድልበት የሰፈር ልጆችን አስገብቶ። ተቀያሪ ወንበር ላይ እኔም አለሁ ብሎኛል። እራት አልበላም። "ምንም አይደል" ነው የሚለኝ፣ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ጌሙ ሙሉው ፍላሽ ላይ እያለ የተጫወተው የት ሄደ? ይመለሳል?

ኮኔል_ቦይ፦

ሲ ፎርማት ተደርጎ ከጸዳ አበቃለት እህቴ። አዲስ ይጀምር፣ ልጅ ነው ይረሳዋል።

ሜሞሪ_ካርድ፦

የላይኛውን አትስሚው። ልጅ እንደዚህ ያለውን አይረሳም። መጀመሪያ ግን ላፕቶፑን እንዳለ ተዪው፤ ፊልም አታውርዱበት፣ ምንም አትጫኑበት። ለምን እንደሆነ እነግርሻለሁ።

እኔ ከዚራ ሰፈር ፕሌይስቴሽን ቤት ነበረኝ። በፕሌይስቴሽን 2 ጊዜ ነገሩ ለማንም ግልጽ ነበር፤ ጌሙ ሲዲው ላይ፣ የተጫወትከው ሜሞሪ ካርዱ ላይ። ካርዱ 8 ሜጋባይት ነበር። ልጆቹ የየራሳቸውን በኪሳቸው ይዘው ይመጣሉ፣ ነጭ ፕላስተር ለጥፈው ስማቸውን በእስኪርቢቶ ጽፈውበት። በድሬ ሙቀት ፕላስተሩ እየተላቀቀ "የኔ ነው፣ የኔ ነው" ሲሉ ስንቱን አስታርቄያለሁ። ሲዲ ቢጫጫር የሚያለቅስ የለም። ካርድ የጠፋ ቀን ግን ሱቁ ለቅሶ ቤት ነው።

ኮምፒውተር ላይም ሁለቱ የተለያዩ ናቸው፣ ካርዱ አይታይም እንጂ። ጌሙን ዲም ላይ ጫኚው ኢም ላይ፣ አብዛኛው ጌም የተጫወትሽውን የሚጽፈው ሲ ላይ፣ በተጠቃሚው ስም ሥር ነው። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ አንድ ላፕቶፕ ለሁለት ሰው ከሆነ እያንዳንዱ በየስሙ ገብቶ የራሱን እንዲያገኝ። ሁለተኛ፣ ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ ተራ ፕሮግራም ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ እንዳሻው መጻፍ አይችልም። የድሮ ጌም ይሄን አያውቅም፣ እዚያ ሊጽፍ ይሞክራል፤ ዊንዶው ደግሞ አይጣላውም፣ ዝም ብሎ አፕዳታ ውስጥ ሎካል፣ እዚያ ውስጥ ቨርቹዋልስቶር በሚባል ፎልደር ያስቀምጥለታል። ጌሙ ቤቱ ያደረ ይመስለዋል፣ ያደረው ግን ጎረቤት ነው። በዚህ ምክንያት የጌሙን ፎልደር ኮፒ አድርጎ ሴቩን የተወ ሰው ስንት አይቻለሁ።

የወንድምሽ መንገድ ይሄ ነው፦ ሲ፣ ዩዘርስ፣ የተጠቃሚው ስም፣ ዶክመንትስ፣ ኮናሚ (የጌሙ ሠሪ)፣ ፕሮ ኢቮሉሽን ሶከር 2017 (የፔስ ሙሉ ስሙ)፣ ሴቭ። እዚያ ውስጥ ኤዲት ብሎ ጀምሮ ስምንት ዜሮ የተደረደረበት ፋይል አለ። ድሬዳዋ ከተማ፣ ማሊያውም ስሙም፣ አንቺም ጭምር እሱ ውስጥ ናችሁ። ማስተር ሊጉ ኤም ኤል ብሎ የሚጀምረው ነው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፣ አንዱን ይዘሽ አንዱን እንዳትተዪ።

አሁን ሲን ክፈቺና "ዊንዶውስ ኦልድ" የሚል ፎልደር ካለ እዪ፣ በመሃሉ ነጥብ አለው። ጠጋኙ ሲን ፎርማት ሳያደርግ በላዩ ከጫነ የድሮው ሁሉ እዚያ ታጉሮ ይቀመጣል። ዊንዶው ግን ቀን ቆጥሮ ራሱ ይጠርገዋል፣ ስለዚህ ነገ አትበዪ። ዲስክ ክሊንአፕ የሚባለውንም አትንኪ።

ከሌለ ደግሞ ፎርማት ተደርጓል ማለት ነው። ያኔም ወዲያው ተስፋ አይቆረጥም፤ ፈጣኑ ፎርማት ማውጫውን ነው የሚያጠፋው እንጂ ገጹን አይቀድም። አዲስ ነገር በላዩ በተጻፈ ቁጥር ግን አሮጌው ይሰረዛል፣ አትንኪው ያልኩሽ ለዚህ ነው። ዲስኩ ኤስኤስዲ የሚባለው ፈጣኑ ዓይነት ከሆነ ግን አልዋሽሽም፣ ያ ነገር የጠፋውን ራሱ ስለሚያጸዳ ዕድሉ ጠባብ ነው።

የደወሌ_ሹፌር፦

ሜሞሪ ካርድ ልክ ነው። የኔን ስሙና ሳቁ።

ሥራዬ ከባድ መኪና ነው፣ ጅቡቲ መስመር። ቤት ስገባ ደግሞ ዩሮ ትራክ ሲሙሌተር 2 እነዳለሁ። ሚስቴ "አልጠገብክም?" ትለኛለች፤ እዚያ ኬላ የለም፣ ጎማ ቢፈነዳም ፀሐይ ላይ ጃክ ይዤ አልተኛም። አንድ ቀን ዶክመንትስን ሳጸዳ ፕሮፋይልስ የሚል ፎልደር ውስጥ 44495245 የሚባል ነገር አገኘሁ። ስም የለው፣ ቁጥር ብቻ። ቫይረስ ነው ብዬ አጠፋሁት፣ ከሪሳይክል ቢንም አጠፋሁት፣ ጎበዝ ነኝ።

እሱ እኔ ነበርኩ። ጌሙ የፕሮፋይልህን ስም እያንዳንዱን ፊደል ወደ ኮድ ቀይሮ ነው የፎልደሩ ስም የሚያደርገው። እኔ በእንግሊዝኛ ፊደል "ድሬ" ብዬ ነበር የሰየምኩት፦ ዲ 44፣ አይ 49፣ አር 52፣ ኢ 45። ጋራዦቼ፣ መኪኖቼ፣ ብድሬን ከፍዬ የጨረስኩበት ባንክ፣ ሁሉም አንድ ላይ ሄደ። ብድሩ ሲመለስብኝ ነው የነቃሁት።

ደቻቱ_ማዶ፦

የኔ ደግሞ ስቲም ላይ ነው፣ ጌም የሚገዛበትና የሚከፈትበት ፕሮግራም። ሴቩ ክላውድ ላይ፣ ማለትም ኢንተርኔት ላይ ያለ ማስቀመጫቸው ውስጥ፣ አለ ብዬ ተኝቼ ነበር። የኔ ዴስክቶፕ የማዘርቦርዱ ባትሪ ሞቷል፣ ያቺ ሳንቲም የምታክለው። መብራት በሄደ ቁጥር ሰዓቱ ብዙ ዓመት ወደኋላ ይመለሳል፣ እኔም ንቄ ትቼው ነበር። አንድ ሳምንት ኢንተርኔት ሳይኖረኝ ተጫወትኩ። ስቲም ሲገናኝ "ኮምፒውተርህ ላይ ያለውና ክላውድ ላይ ያለው ይለያያል፣ የቱን ልያዝ?" አለኝ። ቀኑን አየሁ፤ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው የድሮ፣ የክላውዱ አዲስ ይመስላል። አዲሱን መረጥኩ። በባትሪ ምክንያት የሳምንት ልፋቴን በገዛ እጄ ደመሰስኩ።

አዲስአበቤ_ነኝ፦

ሜሞሪ ካርድ፣ ይቅርታ እርስዎን ላስቸግር። ሌሎቹ ጌሞች ሁሉ ዶክመንትስ ውስጥ ናቸው? ስልክ ላይስ?

ሜሞሪ_ካርድ፦

አንተ በለኝ አቦ፣ ድሬ እርስዎ የለም። ባቡር ጣቢያው ስትወርድ ይወሰድብሃል።

ሁሉም አይደሉም፣ ክፋቱም እሱ ነው። ጌም ሠሪዎቹ አንድ ቦታ ቢስማሙ ኖሮ እዚህ አንጽፍም ነበር። ማይክሮሶፍት ቪስታ ላይ "ሴቭድ ጌምስ" የሚል ፎልደር አዘጋጅቶላቸው ነበር፣ አብዛኞቹ ግን ዞር ብለውም አላዩት። ስካይሪም ዶክመንትስ ውስጥ ማይ ጌምስ በሚለው ሥር ነው። ሳን አንድሪያስም ዶክመንትስ ውስጥ የራሱ ፎልደር አለው፣ ስምንት ቦታ ብቻ ነው የሚሰጥህ። ማይንክራፍት፣ የጃቫውን ነው የምልህ፣ አፕዳታ ውስጥ ሮሚንግ ሥር ነው፤ ስሙ በነጥብ ይጀምራል፣ ውስጡ ሴቭስ አለ፣ የሠራኸው ዓለም እያንዳንዱ አንድ ፎልደር ነው። ዩኒቲ በሚባለው የጌም መሥሪያ የተሠሩት ብዙውን ጊዜ አፕዳታ ውስጥ ሎካልሎው ይገባሉ። አንዳንዶቹ ደግሞ ጥቃቅኑን ነገር፣ የድምፅ መጠን፣ የመጨረሻ ነጥብ የመሳሰለውን ተራ ፋይል ላይ ሳይሆን ሬጅስትሪ በሚባለው የዊንዶው የራሱ መዝገብ ውስጥ ይጽፋሉ፣ እሱን ኮፒ ማድረግ ሌላ ጣጣ ነው። ክራክ የሆነ፣ ሳይገዛ መቆለፊያው የተሰበረ ጌም ከሆነማ አንዳንዴ ዩዘርስ ውስጥ ፐብሊክ፣ እዚያ ውስጥ ዶክመንትስ ታገኘዋለህ። ሕጋዊ ነው አላልኩም፣ ያለበትን ነው የነገርኩህ።

አፕዳታ ስውር ነው፣ ብትፈልገው አይታይህም። የዊንዶው ቁልፍንና አርን አንድ ላይ ተጫንና በእንግሊዝኛ ፊደል በሁለት የፐርሰንት ምልክት መሃል አፕዳታ ብለህ ጻፍ፣ ሮሚንግ ላይ ይጥልሃል። አንድ ደረጃ ውጣ፣ ሎካልና ሎካልሎው እዚያው ናቸው።

ስልክ ላይ አትልፋ። ጌሙ ለራሱ በተዘጋ ቤት ውስጥ ነው የሚጽፈው፣ ከአንድሮይድ 11 ወዲህ ደግሞ ዳታ የሚለው ፎልደርም ተቆልፏል። ጌሙ በአካውንት የሚያስገባ ከሆነ ግባ፣ ካልሆነ "ክሊር ዳታ" የሚለውን አትንካ።

ሚሚ_ሳቢያን፦

አለ!! ዊንዶውስ ኦልድ አለ! ግን ውስጡ ዩዘርስ ስል "ፈቃድ የለህም" ይለኛል። ደግሞ የድሮው ስም በወንድሜ ነበር፣ ጠጋኙ አሁን ሌላ ስም ሰጥቶታል። ይጣላል?

ሜሞሪ_ካርድ፦

እልል በይ። ኮንቲኒዩ የሚለውን ተጫኚ፣ የገባሽበት ስም የአድሚን ሥልጣን ካለው ይከፍትልሻል። የስሙ መለያየት ችግር የለውም። ጌሙን ዝጊ። ከዚያ ሴቭ የሚለውን ፎልደር ከድሮው መጀመሪያ ፍላሽ ላይ አድርጊ፣ ከዚያ ነው ወደ አዲሱ። አዲሱ ላይ ዛሬ ማታ የተፈጠረ ኮናሚ የሚል ፎልደር አለ፣ ያንን ፈልገሽ እዚያ አስገቢ። በማይክሮሶፍት አካውንት ገብታችሁ ከሆነ ዶክመንትስ የማይክሮሶፍት ክላውድ ወደሆነው ዋንድራይቭ ፎልደር ተዛውሮ ሊሆን ስለሚችል እዚያም እዪ። "ልተካ?" ሲልሽ ተካ በዪ። ከመተካትሽ በፊት ያንን የዛሬውን ኮፒ አድርገሽ ጎን ላይ ብታቆዪው ደግሞ አይጎዳም።

ሚሚ_ሳቢያን፦

ገባ። የጌሙን ፎልደር ስገለብጥ አንድ ሰዓት፣ ይሄኛው ዓይኔን ሳልጨፍን አለቀ። ለዚህች ነው እንዲህ የሆነው?

ልጁ ተኝቶ ነበር፣ ቀሰቀስኩት። አራተኛው ሲዝን አለ፣ ማሊያው ብርቱካናማ ነው፣ አሁን ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት የቀረውን ሰንቡሳ እየበላ ይጫወታል፣ ነገ ትምህርት አለው፣ ዝም ብዬዋለሁ።

አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። ተቀያሪ ወንበር ላይ ከፍቶ አሳየኝ፣ እውነትም ስሜ አለ። ፍጥነቴን 40 አድርጎታል። ከበረኛው ያነሰ።

የደወሌ_ሹፌር፦

40 ጥሩ ነው፣ ከጫነ መኪና ትሻያለሽ።