እናትየው ታነባለች፣ ልጅቷስ?

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ እማዬ ከአዲስ አበባ ከመጣች ሦስት ሳምንቷ ነው። ቤት መዋል ሲሰለቻት ቅዳሜ ዋሽንግተን ናሽናል ጋለሪ ወሰድኳት። (መግቢያው ነፃ ነው፤ ዋናው ምክንያቴም እሱ ነበር።) በርት ሞሪዞ የምትባል ፈረንሳዊት እ.ኤ.አ. በ1869 እና 1870 የሣለችው ሥዕል ፊት ቆምን። የሠዓሊዋ እናት ጥቁር ለብሰው መጽሐፍ ያነባሉ። እህቷ ኤድማ ደግሞ ነጭ ለብሳ ሶፋው ላይ ቁጭ ብላለች።

እማዬ ገና እንዳየቻት «ይቺ ልጅ እርጉዝ ናት» አለች። ለእኔ የታየኝ ሰፊ ቀሚስ ብቻ ነው። ቤት ገብቼ ሳነብ ለካ እውነቷን ነው! ያልገባኝ ግን፣ እናትየው እንዲህ ንባብ ውስጥ ሰምጠው ልጅቷ ለምን ባዶ እጇን ተቀመጠች? ዘመኑ እየተለወጠ ከሆነ መጽሐፉ ወጣቷ እጅ ላይ መሆን አልነበረበትም?

ቀለሜ፦ ኤድማ እኮ ሠዓሊ ነበረች። የፈረንሳይ መንግሥት የሥዕል ትምህርት ቤት ለሴት በሩን የከፈተው በ1897 ነው። ስለዚህ እህትማማቾቹ በግል ነው የተማሩት፣ ታዋቂው ሠዓሊ ኮሮ ዘንድ ሳይቀር። በ1869 የባሕር ኃይል መኮንን አገባችና ብሩሹን አስቀመጠች። ባዶ እጇ የከነከነሽ ለዚያ ይሆናል።

የፒያሳ ልጅ፦ ዝነኛውን ሠዓሊ ኤድዋር ማኔን ረሳችሁት? ሥዕሉ ወደ ፓሪሱ ዓመታዊ ዐውደ ርእይ በሚላክበት ቀን ላስተካክል ብሎ ገባ። ከእናትየው ቀሚስ ጀምሮ እስከ ፊታቸው ቀባባው። ጋሪው ደጅ ቆሞ ይጠብቃል፣ በርት አንጀቷ አረረ፣ ሥዕሉም እንደዚያው ሄደ። የምታነበው ሴትዮ ላይ የወንድ እጅ አለበት።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ ለእማዬ ነገርኳት። «በሰው ሥራ ላይ?» ብላ ቡናዋን ትታ ተነሣች። እሷ ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ እኔን አዝላ ነው። አሁን የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ኤድማ ተመልሳ ሣለች ወይ?

ቀለሜ፦ እንደ ሙያ አልተመለሰችበትም። በርት ግን በ1874 የማኔን ወንድም አግብታም ሥራዋን ቀጠለች። በ1872 ኤድማን ደግማ ሥላታለች፤ አልጋው ውስጥ የተኛች ሕፃን ልጇን ስታይ። እሱን ለማየት ግን እማማ ፓሪስ መሄድ አለባቸው፣ ኦርሴ ሙዚየም ነው ያለው።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ በስልኬ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ ትንሽ ቆየችና «እንቅልፍ አላገኘችም» አለች።