«ቢሎንጊንግዝ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በሥራ ላይ እንዴት ልጠቀምበት?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ፣ በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ በሲኤንኤነት (በነርስ ረዳትነት) ለመቀጠር ሥልጠና ላይ ነኝ። አንድ አረጋዊ ወደ ተቋሙ ሲገቡ ይዘዋቸው የመጡት ዕቃዎች አንድ በአንድ የሚመዘገቡበት ቅጽ አለ፤ በራስጌው ላይም «ፐርሰናል ቢሎንጊንግዝ»፣ ማለትም የግል ዕቃዎች፣ ተብሎ ተጽፏል። አሠልጣኛችን ግን አንዳንድ ጊዜ «ፐዜሽንዝ»፣ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ «ስተፍ» ትላለች፤ እኔ አገር ቤት ስማር የማውቀው «ፕሮፐርቲ» የሚለውን ነው። የእነዚህ ቃላት ልዩነት ምን እንደሆነ፣ «ቢሎንጊንግዝ» በነጠላ ይነገር እንደሆነ፣ ከአረጋውያኑና ከቤተሰቦቻቸው ጋር ስነጋገርም የትኛውን ብጠቀም ጨዋነት እንደሚሆን ብታስረዱኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

መልስ፣ ከአንድ የእንግሊዝኛ መምህር

እህቴ፣ በአማርኛ «ዕቃዬ የት አለ?» ስንል የምንጠይቀው ስለ አንዲት ቦርሳም ሆነ ክፍል ሙሉ ስለሆነ ጓዝ ሊሆን ይችላል፤ ቃሉን ማብዛት አያስፈልገንም። «ቢሎንጊንግዝ» ግን ስለ ዕቃ ሲነገር ምንጊዜም ብዙ ቁጥር ነው። ስለዚህ «ማይ ቢሎንጊንግዝ አር ሂር» ይባላል እንጂ «ማይ ቢሎንጊንግ ኢዝ ሂር» አይባልም። መጨረሻው ላይ ያለው «ዝ» ከወደቀ ትርጉሙ ጭራሽ ይለወጥና አንድ ሰው በሌሎች ዘንድ ተቀባይነት አግኝቶ የእነርሱ ወገን የመሆን ስሜቱን የሚገልጽ ቃል ይሆናል። ቁጥርም አይቀድመውም፤ «ስሪ ቢሎንጊንግዝ» ማለት ለጆሮ ይጎረብጣል። መቁጠር ሲያስፈልግሽ «ስሪ አይተምስ» በዪ፤ ከዚያም የተሻለው ዕቃውን በስሙ ጠርተሽ «ቱ ስዌተርስ፣ ዋን ብላንኬት» ማለት ነው። «ኦል ማይ ቢሎንጊንግዝ» እና «ሰም ኦፍ ማይ ቢሎንጊንግዝ» ግን ትክክል ናቸው።

ቃሉ የመጣው «ቢሎንግ ቱ» ከሚለው ግስ ሲሆን፣ ይህም «የእገሌ ነው» ማለት ነው። ይህን ግስ አብረሽ ብታጠኚው በሥራሽ እጅግ ይጠቅምሻል፤ ከልብስ ማጠቢያ ክፍል የመጣ፣ ስም ያልተጻፈበት ሹራብ ስታገኚ «ሁ ዳዝ ዚስ ቢሎንግ ቱ?» ብለሽ ትጠይቂያለሽ።

«ፕሮፐርቲ» ሰፊና ወደ ሕግ ያደላ ቃል ነው፤ ቤትና መሬትንም ያካትታል። «ቢሎንጊንግዝ» ግን ሰው ከቦታ ቦታ ይዞት የሚሄደውን ብቻ የሚመለከት ስለሆነ፣ «ጓዙን ጠቅልሎ ሄደ» ስንል ወደምናስበው ይቀርባል፤ ቤትና መሬት አይገቡበትም። «ፐዜሽንዝ» ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው፤ ይበልጥ በጽሑፍ ይመጣል።

መልስ፣ በዚሁ ሙያ ለዓመታት ከሠራች እህት

አሠልጣኝሽ «ፐዜሽንዝ» የምትለው ያለ ምክንያት አይመስለኝም። የአሜሪካ ፌዴራል ደንብ፣ ማለትም የ42 ሲኤፍአር ክፍል 483.10፣ በነርሲንግ ሆም የሚኖር ሰው ቦታው እስከ ፈቀደ ድረስ፣ የሌሎችን መብት፣ ጤናና ደህንነት እስካልነካም ድረስ፣ የግል ዕቃዎቹን፣ የቤት ቁሳቁሱንና ልብሱን ጨምሮ፣ ይዞ የመቆየትና የመጠቀም መብት እንዳለው ሲደነግግ የተጠቀመው ቃል ይኸው ነው። ቃሉን በመብትነቱ ጭምር ያዢው። አንዲት እናት ከሰፊ ቤታቸው ወጥተው ወደ አንድ ክፍል ሲገቡ፣ የቀራቸው ጓዝ አንድ ሻንጣና ጥቂት ፎቶግራፍ ሊሆን ይችላልና በክብር ልንይዝላቸው ይገባል።

ቅጹን ስትሞዪ የምታዪውን ብቻ ጻፊ። የጣት ቀለበት ቢሆን «ጎልድ» ብለሽ አትጻፊ፤ ወርቅ መሆኑን አንቺ አልመረመርሽምና «የሎ ሜታል ሪንግ» (ቢጫ የብረት ቀለበት) በዪ፤ ፈርጥ ካለውም «ዳይመንድ» ከማለት «ክሊር ስቶን» (ቀለም የሌለው ፈርጥ) ማለት ይሻላል። በኋላ ቀለበቱ ጠፋ ቢባል ወይም ክርክር ቢነሣ ይህ አጻጻፍ አንቺንም ቤተሰቡንም ይጠብቃል። ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ የመስሚያ መሣሪያና መነጽር ከምግብ ትሪ ወይም ከአንሶላ ጋር ተጠቅልለው ሊጠፉ ስለሚችሉ እነርሱን መመዝገብ ፈጽሞ አትርሺ።

በንግግር «ስተፍ» ስድብ አይደለም፤ ከሥራ ባልደረቦችሽ ጋር ብትጠቀሚበት ምንም አይደል። በአረጋዊው ፊት ግን «ሜይ አይ ሙቭ ዩር ቲንግስ?» ብለሽ ብትጠይቂ ለስላሳም ጨዋም ይሆናል፤ ለቤተሰብ ስታስረክቢ ደግሞ «ቢሎንጊንግዝ» በዪ።

መልስ፣ ከለንደን

ቃሉን ለማጥናት ጆሮም ይረዳል። እዚህ በባቡር ስንሄድ ዕቃችሁን ሁሉ ይዛችሁ ውረዱ የሚለው ማስታወቂያ «ኦል ዩር ቢሎንጊንግዝ» እያለ ይደጋገማል። አነጋገሩ ላይ ድምፁ የሚጠነክረው መካከል፣ «ሎንግ» ላይ ነው። «ግ»ን ደግሞ አጥብቃችሁ አታሰሟት፤ «እንግዳ» ስንል ከ«ግ» በፊት «ን» በአፍንጫ የምታልፍበትን ድምፅ ያዙና «ግ»ን ሳትጨርሱ ወደሚቀጥለው እለፉ። የጠፋ ዕቃ የሚጠየቅበት ቦታ በእንግሊዝ «ሎስት ፕሮፐርቲ»፣ በአሜሪካ «ሎስት ኤንድ ፋውንድ» ይባላል።

የጠያቂዋ ተጨማሪ ጥያቄ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ብቻ ልጨምር፦ ነዋሪው ሲያርፉ ዕቃቸው ለቤተሰብ በሚሰጥበት ቅጽ ላይ «ፐርሰናል ኢፌክትስ» የሚል አይቻለሁ። «ኢፌክት» ውጤት ማለት አይደለምን?

መልስ፣ ከመምህሩ

በነጠላ አዎን፣ ውጤት ነው። በብዙ ቁጥር «ፐርሰናል ኢፌክትስ» ሲባል ግን የግል ዕቃ ማለት ሲሆን፣ አሁን ያለው ቦታ በአብዛኛው የመዝገብ ቋንቋ ነው፤ በሟች ዕቃ ርክክብ፣ በኢንሹራንስና በጉምሩክ ወረቀት ላይ ይገኛል። በእኛ አገር ጉምሩክ «የግል መገልገያ ዕቃ» የሚባለው እርሱ ነው። ቅጹ ላይ እንዳለ ተዪው፤ በቃል ግን ኀዘንተኛን በመዝገብ ቋንቋ ማናገር ስለሚከብድ «ዚዝ አር ዩር ማዘርስ ቢሎንጊንግዝ» በያቸው።

መልስ፣ ከሲኤንኤዋ እህት

በዚያን ሰዓት መጀመሪያ ሲገቡ የተሞላውን ቅጽ አውጪና ከቤተሰቡ ጋር እያንዳንዱን ዕቃ አመሳክሩ፤ ከዚያ በኋላ ተቀባዩም አንቺም ፈርሙ።