1.6 ሜትር የአሉሚኒየም ቱቦላሬ በይጄ ጎበጠብኝ፣ በትንሽ ፍሬዛ (ብረት መላጊያ ማሽን) ማስተካከል ይቻላል?

ጀማሪ_ቶርኖ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ትንሽ ይረዝማል ይቅርታ። ለራሴ ሲኤንሲ ራውተር (በኮምፒውተር የሚታዘዝ እንጨት መቁረጫ) እየሰራሁ ነው። ስፒንድሉን (መቁረጫውን የሚያሽከረክረውን ሞተር) ተሸክሞ የሚሄደውን ድልድይ ከ6061-ቲ6 (በሙቀት የጠነከረ የአሉሚኒየም ዓይነት) ቱቦላሬ ነው የሰራሁት፣ 100 በ100፣ ግድግዳው 6 ሚሜ፣ ርዝመቱ 1.6 ሜትር። ፊቱ ላይ ሬይሎቹ (ስፒንድሉ የሚንሸራተትባቸው ሃዲዶች) የሚታሰሩባቸው ሁለት ቁራጮች አሉ፣ 12 ሚሜ ውፍረት 40 ሚሜ ስፋት፣ እነሱን ከዳር እስከ ዳር ሳላቋርጥ በየድኳቸው። በማግስቱ ክር ወጥሬ ሳይ የሬይሉ ፊት መሃል ላይ 3 ሚሜ ወደ ውስጥ ገብቷል። ሌሊቱን አልተኛሁም።

ሁለተኛው ጉዳይ ጫፍና ጫፉ ላይ 20 ሚሜ ፕሌት መበየድ አለብኝ፣ ቁራጭ ላይ ስሞክር ቱቦላሬው ይቀልጣል ፕሌቱ ግን ምንም አይመስለውም፣ ማሽኔ 200 አምፔር ኤሲ/ዲሲ ቲግ (በአርጎን ጋዝ የሚበይድ) ነው። ደግሞ ብየዳው ውስጥ ጥቃቅን ቀዳዳና ጥቁር ነገር ይታያል፣ በብሬክ ክሊነር ጠርጌ በብሩሽ ፈግፍጌው ነበር እኮ። ሦስተኛ ያለኝ ፍሬዛ ጠረጴዛው 500 ሚሜ ብቻ ነው የሚሄደው፣ 1.6 ሜትር ፊት በሱ ቀጥ ማድረግ ይቻላል ወይስ ልተወው?

አርጎን_ነኝ፦
ወንድሜ ሌላውን ሁሉ ተወውና መጀመሪያ ያንን ብሬክ ክሊነር ከብየዳ ቦታህ አውጣው!! ቆርቆሮው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብበው፣ ክሎሪን ያለበት ዓይነት ከሆነ የአርኩ (የብየዳው ብልጭታ) ሙቀትና አልትራቫዮሌት ወደ ፎስጂን ይቀይረዋል፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደር የጨረሱበት ጋዝ ማለት ነው። ክፋቱ ስትተነፍሰው ብዙም ላይሰማህ ይችላል፣ ከሰዓታት በኋላ ነው ሳንባህን የሚይዝህ። በአሴቶን ጥረግ፣ እስኪደርቅ ጠብቅ፣ ጨርቁንና ጣሳውን አርቀህ አስቀምጥ፣ ከዛ ነው አርክ የሚነሳው።

ቀዳዳው ደግሞ ከሃይድሮጅን ነው፣ ሃይድሮጅኑ የሚመጣው ከዘይትና ከእርጥበት ነው። ቅደም ተከተሉ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ መጀመሪያ ቅባቱን በአሴቶን ታነሳለህ ቀጥለህ ነው በብሩሽ የምትፈገፍገው፣ ተገላቢጦሽ ከሆነ ብሩሹ ዘይቱን እብረቱ ውስጥ እየቀበረልህ ነው። ብሩሹም ስቴንለስ ይሁን፣ ብረት ነክቶ የማያውቅ። አሉሚኒየሙ በ660 ዲግሪ ይቀልጣል ላዩ ላይ ያለው ኦክሳይድ ግን ከ2000 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ካላነሳኸው ስሩ ቀልጦ ላዩ እንደ ከረጢት ይዞት ታያለህ። ዘንጉንም (ፊለር ሮዱን) ጥረገው፣ እሱን ማንም አያስታውስም።

ብሎን_ይሻላል፦
ለምን በየድከው ግን? ሬይል ማሰሪያ በብሎን ነው የሚታሰረው። ደግሞ 6061-ቲ6ን ስትበይደው ብየዳው አጠገብ ያለው ቦታ ጥንካሬው ወደ ግማሽና ከዛም በታች ይወርዳል፣ ጥንካሬው 276 ሜጋፓስካል ብለህ የገዛኸው እቃ አጠገቡ ለስላሳ ሆኖ ቁጭ ይላል። እኔ ብሆን ቱቦላሬውን ጥዬ በአዲስ እጀምራለሁ።

ግሪስ_እጄ፦
ኧረ @ብሎን_ይሻላል ልጁን አታስደንግጠው። መልፈስፈሱ እውነት ነው፣ ግን ለራውተር ድልድይ የሚያስፈልገው ጥንካሬ ሳይሆን አለመተጣጠፍ ነው። የመተጣጠፉ ነገር የሚወሰነው በኢላስቲክ ሞጁለስ (እቃው ሲጫኑት ምን ያህል እንደሚግደረደር የሚለካ ቁጥር) ነው፣ እሱ 69 ጊጋፓስካል አካባቢ ነው፣ ተበየደ አልተበየደ ቲ6 ሆነ ለሰለሰ አይቀየርም። ቅርጹ እስካለ ድረስ ድልድዩ እንደ በፊቱ ነው የሚሸከመው። ስለ ብሎኑ ግን እስማማለሁ፣ ለሚቀጥለው።

የጎበጠበት ምክንያት ግልጽ ነው፣ ብየዳ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፣ አንተ ሁሉንም መስመር አንድ ፊት ላይ አደረግከው እሱም ያንን ፊት እንደ ቀስት ገመድ ሳበው። አሉሚኒየም ደግሞ በሙቀት የሚለጠጠው የብረት እጥፍ ያህል ነው። 40 ሚሜ በይደህ 120 ሚሜ ዘለህ፣ ከመሃል ወደ ጫፍ፣ አንዴ ከላይ አንዴ ከታች እያልክ ብትሄድና ቱቦላሬውን ከወፍራም ብረት ጋር በክላምፕ ብታስረው 3 ሚሜ አይመጣም ነበር።

አሁን ማቃናቱ፦ የሬይሉን ፊት ወደ ታች አድርገህ ሁለቱን ጫፎች ድጋፍ ላይ አስቀምጥ፣ መሃሉን ከጀርባ በኩል በ10 ቶን ክሪክ ወይም ፕሬስ ግፋው። ክሪኩ በቀጥታ ቱቦላሬው ላይ እንዳያርፍ፣ 6 ሚሜ ግድግዳ ይሰረጉድብሃል፣ ወፍራም ፕሌት ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አጋድመህ ከሱ ላይ ግፋ። እንዳትደነግጥ፣ ሂሳብ ሠርቼ ነበር፣ ያልተበየደ ባዶ ቱቦላሬ ቢሆን በዚህ ርዝመት ወደ 17 ሚሜ እስኪጎብጥ ድረስ እንደ ላስቲክ ተመልሶ ይመጣል፣ ጉልበቱም 4.7 ቶን ገደማ ነው። ያንተ የተበየደው ፊት ስለለሰለሰ ቀደም ብሎ መያዝ ይጀምራል። ስለዚህ 8 ገፍተህ ልቀቅና ለካ፣ 10 ገፍተህ ልቀቅና ለካ፣ እየጨመርክ ሂድ። ግማሽ ሚሊ ላይ ስትደርስ አቁም፣ የቀረው የፍሬዛ ሥራ ነው።

ጀማሪ_ቶርኖ፦
@አርጎን_ነኝ ቆርቆሮውን አነበብኩት፣ ክሎሪን አለበት፣ ወርውሬዋለሁ። ብሩሹም ለካ ትናንት በር ስበይድ የተጠቀምኩበት ነው። @ግሪስ_እጄ ገመዱን ምሳሌ ስትሰጠኝ ነው የገባኝ እግዜር ይስጥህ። የ20 ሚሜው ፕሌትስ?

አርጎን_ነኝ፦
ለግምት በሚሜ ውፍረት 40 አምፔር ያዝ፣ ስለዚህ 6 ሚሜው ራሱ ከማሽንህ ጣሪያ ትንሽ ያልፋል፣ 20ውን እርሳው። መፍትሄው ፕሌቱ 6 ሚሜ እንዲመስለው ማድረግ ነው። ፍሬዛ አለህ አይደል? ቱቦላሬው የሚያርፍበትን ካሬ ፕሌቱ ላይ አስምርና ከመስመሩ ውጭ ዙሪያውን 15 ሚሜ ስፋት 8 ሚሜ ጥልቀት ያለው ቦይ አውጣ፣ ከመስመሩ ወደ ውስጥ 6 ሚሜ ትተህም እንደዛው። መሃሉ ላይ 6 ሚሜ ስፋት ያለው ከንፈር ቆሞ ይቀራል፣ ቱቦላሬው እሱ ላይ ግጥም ይላል፣ 6 ከ6 ጋር ነው የምትበይደው ማለት ነው። ሙቀቱም ወደ ፕሌቱ ሮጦ የሚያመልጥበት መንገድ ጠበበ።

ከዛ ፕሌቱን ብቻ አሙቀው፣ ከ100 እስከ 120 ዲግሪ፣ ከዛ አትለፍ ቲ6ነቱን ታበላሸዋለህ። የአሴቲሊን ጥላሸት ቀብቶ ጥላሸቱ እስኪጠፋ ማሞቅ የሚሉህ ይኖራሉ፣ እሱ አሉሚኒየም ለማለስለስ ነው፣ ሙቀቱ ካንተ በጣም ይበልጣል። በኢንፍራሬድ መለኪያም አትታለል፣ የሚያብረቀርቅ አሉሚኒየም ላይ ከእውነተኛው በጣም ዝቅ አድርጎ ነው የሚያነበው፣ እኔ 90 ይላል ብዬ እጄን ጠጋ አድርጌ የተማርኩት ነገር ነው። የሙቀት ጠመኔ (በተወሰነ ሙቀት የሚቀልጥ) ወይም የሚነካ ቴርሞኮፕል ተጠቀም። ስትጨርስ ፔዳሉን (አምፔሩን የሚቆጣጠረውን) በድንገት አትልቀቅ፣ ቀስ እያልክ አውርድ መጨረሻው ላይ ዘንግ ጨምር፣ ያለዚያ ጫፉ ላይ ያለችው ጉድጓድ ኮከብ መስላ ትሰነጠቃለች።

ጡረተኛው_ፍሬዛ፦
ልጄ፣ በ500 ሚሜ ጠረጴዛ ሁለት ሜትር ሠርተናል፣ ይቻላል፣ ትዕግሥት ነው የሚፈልገው። ሁሉንም ብየዳ፣ የጫፍ ፕሌቶቹንም ጭምር፣ ጨርሰህ ነው ፍሬዛ ላይ የምታወጣው። አስተካክለህ ከጨረስክ በኋላ አንድ ጠብታ ብትበይድ ድካምህ ገደል ገባ።

ቱቦላሬው ከጠረጴዛው ውጭ በሁለቱም በኩል ስለሚንጠለጠል ጫፎቹን ከፍታቸው በሚስተካከል ሮለር ደግፍ፣ ያለዚያ ክብደቱ ጠረጴዛውን ያጋድለዋል አንተ ፊቱን ቀጥ ያደረግክ እየመሰለህ ቅስት ትቆርጣለህ። 400 ሚሜ ታስተካክላለህ፣ ክላምፑን ትፈታለህ፣ ትገፋዋለህ፣ ከዛ ቀድሞ ከተቆረጠው ላይ ቢያንስ 100 ሚሜ ጠረጴዛው ላይ እንዲቀር አድርገህ በዳያል ኢንዲኬተር (ጥቃቅን ልዩነት በመርፌ የሚያሳይ መለኪያ) እሱን እያነበብክ ነው የምታስረው፣ በርዝመቱም በወርዱም። ክላምፑን ስታጠብቅ መርፌው ከተንቀሳቀሰ ቱቦላሬውን እያጎበጥከው ነው፣ ሥሩ ክፍት አለ ማለት ነው፣ ስስ ላሜራ ክተትበት።

ቁራጩ 40 ሚሜ ስለሆነ በፍላይ ከተር (ሰፊ ክብ እየዞረ የሚልግ ባለ አንድ ስለት መቁረጫ) በአንድ መንገድ ሙሉ ስፋቱን ውሰደው፣ በትንሽ መቁረጫ እየተመላለስክ እርከን አታብዛ። መጀመሪያ ግን የማሽኑ ራስ ቀጥ ማለቱን አረጋግጥ፣ ትንሽ ካጋደለ ፊቱን እንደ ሳህን ይጎደጉደዋል። ለቀዳዳና ለዳር ባለ ሁለት ጥርስ የካርባይድ መቁረጫ፣ ስል የሆነ፣ ሽፋኑ አሉሚኒየም ያለበት (ቲታኒየም አሉሚኒየም ናይትራይድ) እንዳይሆን፣ ፍርፋሪው ይጣበቅበታል። ናፍጣ ሳይሆን ነጭ ጋዝ በብሩሽ እየቀባህ። 10 ሚሜ መቁረጫ በ2500 ዙር ከሆነ በደቂቃ 250 ሚሜ ግፋው፣ ፈርተህ ስትጎትት ነው የሚያሽና የሚያጣብቀው።

ብሎን_ይሻላል፦
ጋሼ እርስዎ ካሉ ምን እላለሁ 😅 ግን አራቴ አምስቴ ሲታሰር ሲፈታ በየጊዜው የሚሊ 2 መቶኛ 3 መቶኛ ስህተት ይደራረባል። ቀጭን ኤፖክሲ (ፈሶ የሚደርቅ ባለ ሁለት ክፍል ማጣበቂያ) ማፍሰስስ? ሁለቱንም ቁራጮች በፕላስቲክ ግድግዳ ከቦ፣ መሃላቸውን በቦይ አገናኝቶ፣ ውሃ ልክ ራሱ ይስተካከላል።

ጡረተኛው_ፍሬዛ፦
እሱም ያስኬዳል፣ ቀስ ብሎ የሚደርቅ ቀጭን ኤፖክሲ ከሆነና ድልድዩ ፊቱ ወደ ላይ ተኝቶ ከሆነ። ዳር ዳሩ ግን ግድግዳውን ተከትሎ ሽቅብ ይወጣል፣ እሱን መፋቅ አለብህ። እኔ ብረት በብረት ነው የለመድኩት።

አንድ ነገር ረስቼ፣ ሙቀት። 1.6 ሜትር አሉሚኒየም 10 ዲግሪ ሲሞቅ 0.38 ሚሜ ይረዝማል፣ የብረቱ ሬይል 0.19 ብቻ። ቆርጠህ እንደጨረስክ ትኩሱን አትለካ፣ አሳድረው። የሬይሉን ቀዳዳዎችም ትንሽ ሰፋ አድርጋቸው፣ ብሎኑን ከመሃል ወደ ዳር እየሄድክ አጥብቅ።

ጀማሪ_ቶርኖ፦
ከ3 ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ክሪኩ 13 ሚሜ ላይ ሲደርስ ነው መያዝ የጀመረው፣ ሳልነግራችሁ ልቤ ቆሞ ነበር። 0.4 ላይ አቆምኩ። ፕሌቶቹን በከንፈሩ ዘዴ በየድኳቸው፣ 185 አምፔር በቃው፣ ቀዳዳ የለም ጥቁርም የለም። ከዛ ጋሼ እንዳሉት አምስት ጊዜ አስሬ ፈታሁ፣ ሦስተኛው ላይ ሮለሩን ማስተካከል ረስቼ አንድ እርከን ወጣ፣ እንደገና ከመጀመሪያው ሌላ 0.3 ወሰድኩ። አሁን ከዳር እስከ ዳር ስህተቱ 0.07 ሚሜ ነው። ያቺን 0.07 በኤፖክሲ ልጨርሳት ወይስ ሬይሉን አስሬ ልሞክረው?

ጡረተኛው_ፍሬዛ፦
እርከኑ የነበረበት ቦታ ላይ ነው 0.07ቱ ወይስ ቀስ እያለ ነው የሚሄደው?

ጀማሪ_ቶርኖ፦
ቀስ እያለ ነው ጋሼ፣ ከግራ ወደ ቀኝ።

ጡረተኛው_ፍሬዛ፦
እሰረው። እንጨት ነው የምትቆርጠው።