ያገለገለ ትንሽ የእንፋሎት ባቡር ልገዛ ነው፤ ምን ልመርምር?

ጥያቄ
ጤና ይስጥልኝ። በ45 ሚሊሜትር ሐዲድ ላይ የሚሄድ፣ በእውነተኛ እንፋሎት የሚሠራ ትንሽ ሎኮሞቲቭ ለሽያጭ ቀርቦልኛል። ቦይለሩ፣ ማለትም ውሃው የሚፈላበት ታንክ፣ በቡቴን ጋዝ ይሞቃል፤ ሁለት ሲሊንደር አለው። ሻጩ ለረጅም ዓመታት መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ እንደኖረ ነግሮኛል፤ የምርመራ ወረቀት ግን የለውም። ቀለሙ ያምራል፣ መንኮራኩሮቹም በእጅ ሲገፉ ይዞራሉ። እስካሁን የማውቀው የኤሌክትሪክ ሞዴል ባቡር ብቻ ስለሆነ ገንዘቡን ከመክፈሌ በፊት ምን ማየት እንዳለብኝ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል። ቤት ውስጥ ልጆች ስላሉ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ቦይለሩ ነው። በስፒርቶ የሚሠራው ይሻለኝ ይሆን?

መልስ፣ ከብረት ሥራ ባለሙያ
ወንድሜ፣ ቀለሙን ለጊዜው ተወውና ከቦይለሩ ጀምር። ሌላው ሁሉ ይጠገናል፤ መገጣጠሚያ እንዳያፈስስ የሚያሽገው የቀለበት ጎማ ይቀየራል፣ የላላ ዘንግ ይጠብቃል። ቦይለሩ ከተበላሸ ግን የገዛኸው ጌጥ ነው።

መጀመሪያ ከምን እንደተሠራና በምን እንደተበየደ ጠይቅ። ጥሩው ከመዳብ የተሠራና በብር ብየዳ የተያያዘ ነው። በ3 ባር ግፊት ውሃ የሚፈላው በ144 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ለኤሌክትሪክ ሥራ የተለመደው የቆርቆሮና የእርሳስ ስታኞ ደግሞ በ183 ዲግሪ መቅለጥ ይጀምራል። ልዩነቱ በቂ ሊመስልህ ይችላል፤ ነገር ግን ውሃው አልቆ እሳቱ ከቀጠለ ብረቱ ያንን ርቀት በፍጥነት ያልፈዋል። የብር ብየዳ ከ600 ዲግሪ በላይ ስለሚችል ጊዜ ይሰጥሃል። በስታኞ የተያያዙ የቆዩ መጫወቻዎች አሉ፤ እነዚህ ለዝቅተኛ ግፊት የተሠሩ ስለሆኑ ግፊታቸውን ከፍ ለማድረግ ፈጽሞ አትሞክር።

ቀጥሎ ቧንቧዎቹ ከቦይለሩ ጋር የሚገናኙባቸውን ቦታዎች በመብራት እያቸው። አረንጓዴ ወይም ነጭ ክምችት ካየህ፣ እዚያ ውሃ ሲያዥ ቆይቷል ማለት ነው።

ወረቀት ስለሌለው ሳይፈተን እሳት እንዳታስነካው። ፈተናው የሚደረገው በቀዝቃዛ ውሃ ነው። ቦይለሩ አየር እስከማይቀርበት ድረስ ይሞላል፤ ከዚያ በእጅ ፓምፕ ግፊቱ ይጨመራል፤ ለአዲስ ቦይለር የሥራ ግፊቱ እጥፍ፣ ላገለገለ አንድ ተኩል እጥፍ ነው የተለመደው። ውሃ ስለማይታመቅ ብየዳው ቢከፈት እንኳ ጥቂት ጠብታ ወጥቶ ግፊቱ ወዲያው ይወድቃል። በታመቀ አየር መፈተን ግን አደጋ ነው፤ አየር ጉልበት ያጠራቅማል። ልምዱ ያለው ሰው አጠገብህ ይኑር።

የደኅንነት ቫልቩም ለብቻው ይታይ። ለዓመታት ሳይነካ የተቀመጠ ቫልቭ ሊጣበቅ ይችላል። ያፈስሳል ብለህ ምንጩን አታጥብቅ፤ ቫልቩ ይጽዳ ወይም ይቀየር። ትንንሽ የግፊት መለኪያዎችም ስለሚሳሳቱ በፈተናው ጊዜ ከትልቅ መለኪያ ጋር አነጻጽረው።

መልስ፣ በጋዝና በስፒርቶ ከሚያስኬድ አባል
ስለ ነዳጁ ልጨምርልዎ። ልጆች ካሉ የእኔ ምርጫ ጋዝ ነው። የስፒርቶ እሳት ፀጥ ያለና ደስ የሚል ቢሆንም በፀሐይ ብርሃን አይታይም፤ ታንኩ ቢፈስስ ነበልባሉ ሐዲዱን ተከትሎ ይሄዳል፣ ማንም ሳያየው። በስፒርቶ የሚጫወት ሰው ብዙ ውሃ አጠገቡ ያስቀምጥ፤ ስፒርቶ ከውሃ ጋር ስለሚዋሃድ በውሃ ይጠፋል።

ቡቴንም ጠባይ አለው። ከአየር ስለሚከብድ ወደ ዝቅተኛ ቦታ ወርዶ ይተኛል፤ ስለዚህ ታንኩን ከቤት ውጭ፣ ከማንኛውም እሳት ርቀው ይሙሉ። መገጣጠሚያዎቹን በሳሙና ውሃ ይፈትሹ። የሚፈላው ከዜሮ ዲግሪ ትንሽ ዝቅ ብሎ ስለሆነ በብርድ ቀን እሳቱ ይደክማል። ማንደጃው አልነድ ካለ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ በኖዝሉ፣ ማለትም ጋዙ በሚወጣበት ጫፍ ነው፤ ቀዳዳዋ እጅግ ጠባብ ናት። በመርፌ አይቆርቁሯት፤ ከሰፋች ማንደጃው ከዚያ በኋላ በትክክል አይነድም። በአየር ወይም በማጽጃ ፈሳሽ ትጽዳ።

መልስ፣ ስለ ዘይትና ውሃ
የሞተር ዘይት እንዳትጠቀም። ትኩስና እርጥብ እንፋሎት ጠራርጎ ይወስደዋል። ለእንፋሎት ሲሊንደር የተሠራ ወፍራም ዘይት አለ፤ ለእንዲህ ዓይነት ሎኮሞቲቭ ብዙዎች የውፍረት ቁጥሩ 460 የሆነውን ይመርጣሉ። የዘይት ማደያው አሠራር ቀላልና የሚያስደንቅ ነው፤ ጥቂት እንፋሎት ወደ ዘይቱ ገብቶ ውሃ ይሆናል፣ ውሃው ስለሚከብድ ወደ ታች ይወርዳል፣ በወረደው ልክ ዘይት ተገፍቶ ወደ ሲሊንደሮቹ ይሄዳል። ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ውሃውን አስወጥተህ ዘይት ሙላ። በማደያው ውስጥ ውሃ ካላገኘህ ዘይቱ ወደ ሲሊንደሮቹ አልደረሰም ማለት ነው።

ውሃው የተጣራ ይሁን፤ ኖራ ያለበት ውሃ ቦይለሩን በቅርፊት ይሸፍነዋል። ሙሉ በሙሉ የጠራ ውሃ ናስን ይጎዳል ብለው የሚከራከሩ አሉ። ናስ በውስጡ ያለውን ዚንክ እያጣ መዳከሙ እውነት ነው፤ ጥሩ ሠሪዎች በቦይለር ላይ ብሮንዝ (የመዳብና የቆርቆሮ ቅልቅል) የሚጠቀሙትም በዚህ ምክንያት ነው። ለእኔ ግን ትልቁ ጠላት ኖራው ነው።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር፤ ጋዙ ከውሃው በፊት ማለቅ አለበት። በደንብ የታሰቡ ሎኮሞቲቮች እንዲህ ሆነው ነው የሚሠሩት። የገዛኸው እንደዚያ መሆኑን በመጀመሪያው ጉዞ አረጋግጥ፤ ጋዙ ካለቀ በኋላ የቀረውን ውሃ ለካ። እየሄደ ሳለ ጋዝ ብቻ ደጋግሞ መጨመር ባዶ ቦይለር ማቃጠል ነው።

ጠያቂው ተመልሶ
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሻጩ ፈተናውን ፈቀደ፤ ቦይለሩ መዳብ ነው፣ በ1.5 እጥፍ ግፊት ጠብታ አላወጣም። ቫልቩ ተጸዳ፣ የቀለበት ጎማዎቹ ተቀየሩ፤ ገዛሁት። አሁን ሁለት ነገር ቸግሮኛል። ግፊቱ ሞልቶ እንፋሎቱን ስከፍት በጭስ ማውጫው ትኩስ ውሃ ይተፋል፤ ቆሞ ይቆይና በድንገት ይፈተለካል። ማንደጃውም ይጮኻል።

መልስ፣ ከብረት ሥራ ባለሙያ
እንኳን ደስ አለህ። ውሃው ብልሽት አይደለም። ሲሊንደሮቹ ቀዝቃዛ ስለሆኑ የመጀመሪያው እንፋሎት እዚያው ውሃ ይሆናል፣ ፒስተኑም ውሃውን ማመቅ አይችልም። እንፋሎቱን በጥቂቱ ከፍተህ፣ ጓንት አድርገህ፣ ሎኮሞቲቩን በቀስታ ወደ ፊትና ወደ ኋላ አንቀሳቅሰው። ውሃው ተተፍቶ ያልቃል፣ ሲሊንደሮቹ ይሞቃሉ። እምቢ ሲልህ በኃይል አትግፋው፤ ዘንጎቹ ይጣመማሉ። ፊትህን ከጭስ ማውጫው በላይ አታድርግ።

መፈትለኩን ለማስቀረት ፉርጎ ቀጥልበት። ባዶውን የሚሄድ ሎኮሞቲቭ ጥቂት እንፋሎት እንኳ ያበዛበታል፤ ጭነት ሲያገኝ ግን ረጋ ብሎ፣ ድምፁም ሙሉ ሆኖ ይጎትታል። ሐዲዱንም በውሃ ልክ አስተካክለው፤ ከ100 ሴንቲሜትር በ1 ሴንቲሜትር የሚወርድ ቁልቁለት እንኳ ፍጥነቱን ይለውጠዋል።

መልስ፣ በጋዝና በስፒርቶ ከሚያስኬድ አባል
ጩኸቱ ብዙውን ጊዜ ጋዙ ከሚገባው በላይ ሲከፈት የሚመጣ ነው። ግፊቱ ከሞላ በኋላ ጋዙን ይቀንሱ፤ ለመሄድ የሚያስፈልገው እሳት ውሃውን ለማፍላት ካስፈለገው ያንሳል። ዝም ካላለ የማንደጃው የአየር ቀዳዳ በአቧራ ተደፍኖ እንደሆነ ይዩ።

ሲጨርሱ ደግሞ የእንፋሎት መክፈቻውን ይዝጉ፤ መለኪያው ዜሮ ሲያሳይ የውሃ መሙያውን ክዳን ይንቀሉ። ቦይለሩ ተዘግቶ ከቀዘቀዘ በውስጡ ባዶነት ይፈጠርና ዘይቱን ከማደያው ወደ ራሱ ይስባል፤ ቦይለር ውስጥ የገባን ዘይት ማጽዳት ደግሞ ብዙ ሥራ ነው።